«ገባችሁ?» ማለት ክልክል ነው

ሒሳብ ያወቀ ሁሉ ሒሳብ ያስተምራል የሚል ሰው ባገኝ ኖሮ፣ አቃቂ ወስጄ ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ፊት አቆመው ነበር። ያኔ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ የኤክስቴንሽን ትምህርት እንሰጥ ነበር። ተማሪዎቻችን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከብረታ ብረቱ፣ ከባቡሩ ጥገና ክፍል የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉ ሰንብተው ቅዳሜ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ሒሳብ ይማራሉ። የሚያስተምሯቸው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚሠሩ ልጆች ነበሩ፤ እነዚያን ልጆች አስተማሪ ማድረግ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።

ሒሳቡንማ ያውቁታል፣ አንዳንዶቹ ከእኔም በላይ። ግን ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው «ገባችሁ?» ይላሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ሰሌዳው ይጠፋል፣ ሌላ ይጻፋል። ፈተና ሲደርስ ጉድ ይፈላል።

አዎ የሚሉት ገብቷቸው መሰላችሁ? ኧረ ወዲያ! እኛ አገር አስተማሪ «ገባችሁ?» ካለ «አልገባኝም» ማለት እሱን ማሳፈር ነው። የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ልጁን በሚያህል አስተማሪ ፊት አልገባኝም ከሚል ፈተናውን ቢወድቅ ይመርጣል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ የእኛዎቹ ግን እየሰመጡም አይጮኹም። ስለዚህ ለሠልጣኞቼ አንድ ሕግ አወጣሁላቸው፦ «ገባችሁ?» ማለት ክልክል ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ በራሱ አነጋገር እስኪያስረዳ ድረስ ሰሌዳ አይጠፋም። ተሳስቶ ካስረዳም ስሕተቱ እዚያው ሰሌዳው ላይ ይጻፍና ሁሉም ይነጋገርበታል። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ ላይ ሲሞክሩት ሳቁ ቀረ።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ግን ይህን ነገር ሊሰሙት አልፈለጉም። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እርስዎ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው፤ ለሐሳባቸው ቢሆን ኖሮ አንተ ብያቸው አርፍ ነበር።

«ማስተማር ከላይ የሚሰጥ ነገር ነው፤ አንቺ ምኑን ነው የምታሠለጥኚው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ከላይ እስኪሰጣቸው ድረስ ተማሪው ይውደቅ?»

ደም ሥራቸው ተገተረ። የፊታችን ቅዳሜ አቃቂ መጥተው የአንዷን ሠልጣኝ ክፍል እንደሚያዩ፣ ካልጣማቸው ክፍሉን እንደሚነጥቋትና የእኔም ሥልጠና በዚያው እንደሚያበቃ ነገሩኝ። የመረጧት ልጅ ከሁሉም ድምፀ ለስላሳዋ ናት። እዚያው አቃቂ የተወለደች፣ አባቷ ባቡሩ ላይ ሲሠሩ የኖሩ። ዩኒቨርሲቲ ያቆያት ይህ የማስተማር ሥራ ብቻ ነበር፤ ከተነጠቀች ዲግሪውም ይቀርባታል።

ሌሎቹ ሠልጣኞች ሊያድኗት ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ አፈ ጮሌው፣ መላ አመጣ። «ተማሪዎቹን አስቀድመን እንምከራቸው። ስትጠይቅ ሁሉም እጁን ያውጣ፤ ያወቀ ቀኙን፣ ያላወቀ ግራውን። እሷ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ታስነሣለች።» ሁላችንም በዚህ ብልሃት ነው ያደግነው፤ ኢንስፔክተር ሲመጣ ግራ እጁን ያላወጣ ማን አለ?

«በጭራሽ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «ይህን ልታደርጉ ከሆነ ምን አለፋኝ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ቢያባርሩኝስ?»

ምን ልበላት? «ቢያባርሩሽ አብረን እንባረራለን» አልኳት። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ቅዳሜ ኃላፊው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። ልጅቷ *x* ካሬ ሲቀነስ አንድ፣ ሲካፈል ለ *x* ሲቀነስ አንድ ብላ ጻፈች። *x* ወደ አንድ ሲጠጋ ይህ ወደ ስንት ይጠጋል? አንድ መካኒክ ተነሣና «አንድን ስንተካበት ዜሮ ለዜሮ ይሆናል፤ ማንኛውም ቁጥር ለራሱ ሲካፈል አንድ ስለሆነ መልሱ አንድ ነው» አለ። እሷ ትክክል ነህም ተሳስተሃልም አላለችውም። መልሱን ጻፈችና «ማን ይስማማል?» አለች። ክርክር ተነሣ። መሐል ላይ ባቡሩ እየጮኸ አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ዝም አልን፣ ስሕተቱም ሰሌዳው ላይ እንዳለ ቆየ። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ።

አልቻሉም። ተነሥተው ሄዱ፣ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበሉ፣ የመካኒኩን መልስ አጠፉ። ላዩን የሁለት ቅንፎች ብዜት አድርገው ጻፉት፣ ከላይም ከታችም ያለውን ተመሳሳይ ቅንፍ ሰረዙ፣ ሁለት የሚል መልስ አውጥተው አሰመሩበት። ከዚያ ዞሩ።

«ገባችሁ?»

«አዎ!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

አየሽ? በሚል ዓይን አዩኝ። እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። ልጅቷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በዚያው ለስላሳ ድምፅ ተማሪዎቹን «ታዲያ ቅድም አንድ ያልነው ለምን ልክ ሳይሆን ቀረ?» አለቻቸው። መካኒኩ አቀረቀረ። ከመሐል አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሣች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልገባንም። አዎ ያልነው እርስዎን አክብረን ነው።»

እሰይ! አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ኃላፊው ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወጡ።

ሰኞ ሁላችንንም ቢሯቸው ጠሩን። እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ነበር። ልጅቷ በተማሪ ፊት አዋርዳኛለችና ይቅርታ ትጠይቅ አሉ።

«ተማሪዎቼን ነው የጠየቅኳቸው» አለች በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

«እንግዲያው ክፍሉን ተነጥቀሻል!» አፈ ጮሌውን አዩት። «ቅዳሜ አንተ ግባ።»

«አልገባም፣ ዶክተር» አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ቀጥሎ ያለውን ጠየቁ። አልገባም። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም አልገባም አሉ። እኔ አላዘዝኳቸውም፣ አልመከርኳቸውምም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልደበቅኩትም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን ነው ያሠለጠንሻቸው?»

«ይህንኑ ነው» አልኳቸው። «ቅዳሜም የምትገባው እሷ ናት።»

ገባች።