ለሙሽራ የቆረጥኩት አደስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግሬ ስወርድ፣ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቆም አልኩ። ከጽጌረዳዎቹ መሀል አንዲት ትንሽ አደስ ነበረች። ቅጠሏን በጣቴ አሸት አድርጌ አሸተትኳት። ሻጩ ዋጋዋን ሊነግረኝ ሲል መንገዴን ቀጠልኩ።

በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ስኳር በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ፣ ቤታችን ከልደታ ማርያም ጀርባ ነበር። በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ጽጌ ይባላሉ። እናቴ ሥራ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬን የምበላው እሳቸው ቤት ነው። ልጃቸው ጌታቸው ለመንግሥት ሥራ ጅማ ሲመደብ፣ ዝውውር እንዳገኘ ሽማግሌ እንደሚልክ ነግሮኝ ሄደ። እትዬ ጽጌም ያውቁ ነበር፤ ሰው በሌለበት «ምራቴ» ይሉኛል።

አደሱን በወተት ጣሳ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ግቢያቸውን የባሕር ዛፍ ጥላ ስለዋጠው፣ ፀሐይ በሚያገኘው በእኛ ደጅ ተከልነው። አያያዙንም አስተማሩኝ። ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል ብለው ከክረምቱ በፊት ቦይ አስቆፈሩኝ። ጫፍ ጫፉን ስቀነጥበው ወደ ጎን ይሰፋ ጀመር። ክረምት ከበጋ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ግን አስተዳደጉ ዘገምተኛ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። በሦስተኛው ዓመት ወገቤ ደረሰና ነጫጭ አበባ አወጣ። ቅጠሉ ተወቅጦ በቅቤ ሲለወስ የሙሽራ ፀጉር ይቀባል። የማን ፀጉር እንደሚቀባ እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ጽጌ መጡ። የእህታቸው ልጅ ጅማ ልትዳር ነው፤ ቅቤ አዘጋጅተው ሊወስዱላት ይፈልጋሉ። መቀስ ይዤ ወጣሁ። እሳቸው ለስላሳ ለስላሳውን ቀንበጥ እየመረጡ ያሳዩኛል፣ እኔ እቆርጣለሁ። ቁጥቋጦው ግማሽ ሆኖ ቀረ። አልቆጨኝም። እንዲያውም ለጌታቸው እንዲያደርሱልኝ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ሰጠኋቸው።

በሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ታክሲ ቆመ፤ እልልታም ሰማሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲወጣ እኔም ወጣሁ። መጀመሪያ ጌታቸው ወረደ። ቀጥሎ ነጭ ነጠላ የለበሰች፣ ቀይ ዳማ ልጅ እጁን ይዛ ወረደች። ጌታቸው እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ ሻንጣዎቹ አዞረ።

«ምራቴ ናት፣ ሳሚያት» አሉኝ እትዬ ጽጌ።

ሳምኳት። ጉንጯ ላይ ስጠጋ ፀጉሯ ሸተተኝ። የእኔ አደስ ነበር። ልጅቱ ምንም አታውቅም፤ አጥብቃ አቀፈችኝ። ከዚያ እንዴት ቤቴ እንደገባሁ አላስታውስም።

በማግስቱ አጥሩ ሥር አገኘኋቸው። አደስ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው ወይ አልኳቸው።

እትዬ ጽጌ የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ «ልጄ፣ እውነቱን ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ከሰዓት በኋላ አካፋ አንሥቼ አደሱን ከነሥሩ ነቀልኩና ተሸክሜ ደጃቸው ላይ አኖርኩት። እሳቸውም ባሕር ዛፉ ሥር ተከሉት። ፋሲካ ሳይደርስ ደረቀ። እኔም ከዚያ በኋላ ቤታቸው ምሳ በልቼ አላውቅም።

ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ጌታቸውን ይቅር ለማለት ብዙ አልፈጀብኝም፤ ርቆ የከረመ ሰው ልቡ ሊለወጥ ይችላል። የእትዬ ጽጌ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ያን ቀን ያጣሁትን መልስ ያገኘሁት አርጅቼ ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ ሁለት ቀን አለቅስና በሦስተኛው ቀን ራሴ ቆርጬ እወስድላቸው ነበር፤ እንደ እናቴ ነበር የማያቸው። ያን ያህል እንኳ አላመኑኝም።