ያልታመመው ማሽን

ባለፈው ሳምንት ልጄ የቡፌውን መሳቢያ ስታጸዳ አንዲት ቀይ ፕላስቲክ አገኘችና "አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት? ልጣላት?" አለችኝ። የሸሚዝ ቁልፍ ታህላለች። ተቀበልኳትና ኪሴ ከተትኳት። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ወዲህ ስለ ድሮ ሥራዬ የሚጠይቀኝ የለም፤ ባይጠይቁኝ እመርጣለሁ።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ፣ አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የቪዲዮ ማሽን ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽኖቹ ለብቻ የማይነሱ ከባዶች፣ ካሴቶቹም ወፍራም መጽሐፍ የሚያህሉ ነበሩ። ክፍላችን ሁልጊዜ ይበርዳል፣ ማሽን የምንጠርግበት አልኮል ይሸታል። ከእያንዳንዱ ካሴት ሥር ያቺ ቀይ ፕላስቲክ አለች። እሷ ካለች ማሽኑ በድሮው ምስል ላይ አዲስ ይቀርጻል፤ ከተነቀለች እምቢ ይላል። እንዳይጠፋ የምንፈልገውን ካሴት ቀይዋን እየነቀልን ኪሳችን እንከት ስለነበር ጋዋናችን ሲራመዱበት ይንኮሻኮሻል።

አንድ ጥቅምት ለባህል ፕሮግራም ደብረ ኤልያስ ሄድን። የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ባቄላው እሸት ነበር። የምንቀርጸው ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታ ጥሩነህን ነው፣ ዜማ ሲያስተምሩ። የኔታ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

"ምን ሊረባኝ ነው? ይቅርብኝ" አሉ።

"የኔታ፣ ሰው ያልፋል፤ ይኼ ግን ይቀራል። እኔው ራሴ እጠብቀዋለሁ" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና "አንተ ከጠበቅኸውማ ይሁን። አደራ ነው ታዲያ" አሉ። ባለቤታቸው እማማ የውብዳር እሸቱን ቀቅለው ከጠላ ጋር አቀረቡልን። የኔታ ደግሞ ያን ቀን የዘመሩት ዜማ፣ ካሜራ የያዘውን ልጅ እንኳ ዓይኑን በእንባ ሞላው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ከትንንሾቹ የመስክ ካሴቶች ወደ አንድ ትልቅ ካሴት ገለበጥኩት። ቀይዋን ነቀልኩ። መዝገቡ ላይም "ተገልብጧል፤ ትንንሾቹ ይለቀቁ" ብዬ ፈረምኩ። ካሴት ብርቅ ስለነበር የተገለበጠው ተለቅቆ ለሌላ ሥራ መዋሉ የቤቱ ደንብ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለማታ የሚተላለፍ የኳስ ጨዋታ ቅረጽ ተባልኩ። ጨዋታው ሊጀመር ነው፤ ባዶ ካሴት ያለው ግቢው ማዶ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ውጭ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ይወርዳል። እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩ። የያዝኩት የየኔታን ካሴት ነበር። ጽሑፉን አላየሁም ብል ውሸት ነው። "ትንንሾቹ አሉ፤ ነገ ደግሜ እገለብጣለሁ" አልኩና ከኪሴ አንዲት ቀይ አውጥቼ ቦታዋ መለስኳት። ማሽኑም ታዘዘ።

በማግስቱ ትንንሾቹን ብፈልግ የሉም። እኔው በፊርማዬ የለቀቅኳቸውን ሌላ ቡድን ወስዶ የእንስሳት ክትባት ቀርጾባቸዋል። የፈራሁት መቀጣትን ነበርና ለአለቃዬ "ቴፑን ማሽኑ በላው" አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥም ስለነበር አመነኝ። ያን ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ ቢያንስ ሄደን ደግመን እንቀርጻቸው ነበር። የኔታ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በተከታዩ ክረምት ነው።

ከተዝካራቸው በኋላ እማማ የውብዳር ማር በቅል አንጠልጥለው፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዘው መጡ። "አንድ ጊዜ ፊታቸውን ልይ ብዬ ነው ልጄ" አሉኝ። ማሽኑ ፊት አስቀመጥኳቸው። ጠፍቷል ማለት አቃተኝ።

"እማማ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል። ሲጠገን ያያሉ።"

ከፋቸው እንጂ አልተቆጡም። ተነሱና የማሽኑን ጀርባ እንደ ሕመምተኛ ልጅ ዳበስ ዳበስ አድርገው "እግዜር ይማርህ" አሉት። ማሩን ሰጥተውኝ ሄዱ። ያን ማር አልበላሁትም፣ ለሰውም አልሰጠሁትም፤ ቅሉ ውስጥ እንዳለ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ለፋሲካ አገሬ በገባሁ ቁጥር፣ ማሽኑን መኪና እያሉ ይጠይቁኛል። "ያ መኪናችሁ ተሻለው?" "ገና ነው እማማ" እላለሁ። አንድ ውሸት ስንት ዓመት እንደሚቀለብ እኔ አውቃለሁ። በአገሬ ሰው አፍ አደራ በላ ነኝ፤ ሌላ ስም የለኝም።

ልጄ ያላወቀችው፣ ፕላስቲኳን ከማግኘቷ ሁለት ቀን በፊት የየኔታ ልጅ አስካለ ደውላልኝ ነበር። እማማ የውብዳር ማረፋቸውን ነገረችኝ።

"ሲናዘዙ አንድ ነገር አደራ ብለውኛል ጋሼ" አለች። "'መኪናው እስኪድን እኔ አልደረስኩም፤ አንቺ ሄደሽ አባትሽን እይልኝ' ብለው። ዳነ እንዴ?"

"በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ" አልኳት።

ዛሬ ዓርብ ነው። ቀይዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የደብረ ኤልያስን አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አስካለን የምነግራት ረጅም አይደለም፤ ለእናቷ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሳልነግራቸው ቀረሁ። ማሽኑ ታሞ አያውቅም።