ሚዛን ሲደርስ ይቆማል

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ያውም ጎበዝ ከሚባሉት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እህቴን የጣልኳት በማላውቀው ነገር ሳይሆን አብጠርጥሬ በማውቀው መሆኑ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

እህቴን በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ። ያደግነው ሸኮ ነው፣ ወላጆቻችን ቡና በሚያለሙበት መሬት ላይ። እኔ ሚዛን ተፈሪ ስቀጠር እሷም ዘጠነኛ ክፍል ለመማር እኔ ጋ መጣች። አሥራ ሁለተኛን ስትፈተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም፤ ሪሚዲያል ግን ደረሳት። ሪሚዲያል ለወደቀ ተማሪ የሚሰጥ የመጨረሻ ዕድል ነው። ጥቂት ወር ግቢ ገብተህ ትማራለህ፣ ትፈተናለህ፤ ካለፍክ ትቀጥላለህ፣ ካላለፍክ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤትህ። እሷ ነርስ መሆን ነበር የምትመኘው። የምትፈራው ደግሞ ኬሚስትሪን ብቻ ነበር።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አንድ ቅዳሜ ከግቢ መጣች።

«ጋሼ፣ ይኼን ኢኩሊብሪየም የሚሉትንና አሲድ ቤዝን ካላስያዝከኝ አለቀልኝ» አለች።

ከአሲዱ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ጥቂት የሊትመስ ወረቀት አምጥቻለሁ፤ ከሰፈራችን ጀርባ ካለው የቡና ማጠቢያም የተፈለፈለ ቡና አድሮበት የኮመጠጠ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቻለሁ። ሰማያዊውን ወረቀት ነከረችው፤ ቀላ። ቀዩን ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ ሰማያዊ ሆነ። ደግማ ደጋግማ እየነከረች ሳቀች። ደካማ አሲድ ማለት ውሃ የበዛበት አሲድ ማለት እንዳልሆነ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከፊሉ ብቻ የሚለያይ መሆኑን ስነግራት ወዲያው ገባት። ይህቺን ልጅ ደነዝ ያላት ማነው ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ኢኩሊብሪየም ላይ ደረስን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ከእናታችን ጋር የምናወራው በሸኮኛ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝልን አማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ኢኩሊብሪየም ሚዛን ነው። ሌላ አገር ቢሆን ሚዛን ሲባል ሰው የሚታየው ባለሱቁ ስኳር የሚመዝንበት ዕቃ ነው። ለእኛ ግን ሚዛን ከተማ ነው። ረዳቱ ከቴፒ ጀምሮ «ሚዛን፣ ሚዛን» እያለ የሚጠራው፣ መኪናው ሸኮን አልፎ መጥቶ ሰውን ሁሉ የሚያራግፍበት።

«ሪአክሽኑ ሚዛን ላይ ሲደርስ ወደ ፊት የሚሄደውና ወደ ኋላ የሚመለሰው ፍጥነታቸው እኩል ይሆናል» አልኳት። አልገባትም። ደገምኩላት፤ አሁንም አልገባትም። ሦስተኛ ልጀምር ስል ሰዓቴን አየሁ። ኳስ ሊጀመር ነው። ጓደኞቼ መቀመጫ ይዘውልኛል፤ ልቤ ከቤት ወጥቷል።

«ስሚኝ፣ ከቴፒ የተነሳ መኪና ሚዛን ሲደርስ ምን ይሆናል?»

«ይቆማላ።»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

ቀልዴን ነበር። ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብዬም ነበር። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ እኔም ስትጽፍ እያየሁ ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። ስመለስ ወደ ግቢ ተመልሳለች። ነገ እደውልላታለሁ አልኩ። ነገም አልደወልኩም። 

ውጤቱ ሲወጣ ለማለፊያው ሁለት ነጥብ ጎደላት።

ወደ ሸኮ ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። መኪናው እስኪሞላ አጠገቧ ቆሜ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ ያጽናናችኝ እሷ ሆነች።

«አንተማ የምትችለውን አድርገሃል፣ ጋሼ። የአሲዱን አንድም አልሳትኩም። የሚዛኑም ሦስት ጥያቄ ነበር፤ መጀመሪያ በእኩል ፍጥነት ይቀጥላል የሚለውን መርጬ ነበር። ኋላ ያንተ መኪና ትዝ አለኝና ሦስቱንም ወደ ይቆማል ቀየርኳቸው። የጣለኝ ሌላው ነው።»

 አፌን ከፈትኩ፤ ረዳቱ ግቡ አለ፤ መልሼ ዘጋሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ለማሸት እንኳ አልሞከርኩም።

መኪናው ከሄደ በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከቴፒ አንድ መኪና ገባ። ወደ ቴፒ አንድ ወጣ። ሌላ ገባ፤ ሌላ ወጣ። ግቢው ውስጥ ያሉት መኪኖች ቁጥር ያው ነው፤ የቆመ ነገር ግን የለም። ኢኩሊብሪየም ማለት ይኼው ነበር፤ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ። እጇን ይዤ እዚህ አምጥቼ ባስቀምጣት፣ አንድ ቃል ሳልናገር ይገባት ነበር። እዚያው ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ክፍል ገብቼ ሚዛን የሚለውን ቃል ለመጥራት ምላሴ ይተሳሰር ነበር። ለእሷ እንዳልነግራት ፈራሁ፤ እንዳልተወው አላስተኛ አለኝ። ሌላ ዕድል ቢኖራት ኖሮ ነግሬ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። ዕድል ለሌለው ሰው «ያጠፋሁህ እኔ ነኝ» ማለት ምን ይጠቅመዋል? እንዲህ እያልኩ ፍርሃቴን አዋቂ አስመስለው ነበር።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ሸኮ ሄድኩ። እህቴ ቅርጫት ወገቧ ላይ አስራ ቀይ ቀዩን ትለቅማለች፤ እጆቿ ገና በጥቂት ወር ሻክረዋል። ከጎኗ ሆኜ እየለቀምኩ፣ ፊቷን ሳላይ ነገርኳት። ኳሱንም፣ ቀልዱንም፣ ሳልደውል መቅረቴንም አልደበቅኩም።

እጇ ከመልቀም አላረፈም።

«አውቄዋለሁ» አለች። «እዚህ በመጣሁ ሳምንት መጽሐፉን ገልጬ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እማዬ፣ ‹ወንድምሽ እንደዚያ ለፍቶ አስተምሮሽ አንቺ ነሽ ያልሰማሽው› አለችኝ። ልነግራት ነበር። ኋላ ሳስበው የኔ አንዴ አልቋል፤ የምትኮራበት አንድ ልጅ ይትረፍላት አልኩ።»

ቅርጫቷን አስተካክላ ወደሚቀጥለው የቡና ተክል አለፈች።  እናታችን ከታች፣ ከቤቱ ደጃፍ ሆና ምሳ ደርሷል ብላ ተጣራች።

የጠራችው እኔን ብቻ ነበር።