የኤልበሮን ነፋስ ለሁለት በሽተኞች

ሩሎፍ ኮኖቨር አሜሪካ ውስጥ እንደ አባቱ በሰፊ የውሃ ቦይ ዳር በቅሎ እየነዳ፣ ጀልባ እያስጎተተ ነው ያደገው። ኋላ ባቡር ሲመጣ በቅሎውን ሸጦ መዶሻ ጨበጠና በኤልበሮን ባሕር ዳር ሐዲድ ዘርጊ ሆነ። ጉራ የሚነፋበት ነገር አንድ ብቻ ነበረው።

“ፕሬዚዳንት ጋርፊልድም እኮ በልጅነቱ የቦይ በቅሎ ነጂ ነበር!”

“ታዲያ እሱ ዋሽንግተን ገባ፣ አንተ እዚህ ቀረህ። አንተን በቅሎዋ ጭንቅላትህን ሳትመታህ አልቀረችም” ትለዋለች ሚስቱ ኬዛያ። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ሳል ይለወጣል። ሳንባዋን ከታመመች ከርማለች።

በዚያ በጋ፣ ሹመት ተነፈግሁ ያለ አንድ ሰው ፕሬዚዳንቱን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከጀርባው በጥይት መታው። ሐኪሞቹ ጥይቱን ፍለጋ ባልታጠበ ጣት ቁስሉን ሲጎረጉሩ ከረሙ። ሰውየው በትኩሳት ነደደ፣ ከሳ፣ አጥንቱ ቀረ። በመጨረሻ “የባሕር ነፋስ ይሻለዋል” ተባለና ወደ ኤልበሮን ሊያመጡት ሆነ።

ኤልበሮን ደግሞ የሚኖረው በነፋሱ ነው። ክፍል አከራዩም ዓሣ ሻጩም ለእንግዳ “ይኸ አየር የሞተ ያስነሳል” ሲል ኖሮ፣ ራሱም አምኖት ቁጭ ብሏል። ስለዚህ አናጢው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሐዲድ ዘርጊው ተጠራርቶ ከጣቢያው ፕሬዚዳንቱ እስከሚያርፍበት ቤት ደጃፍ በአንድ አዳር አዲስ ሐዲድ ዘረጋ።

በማግስቱ ባቡሩ መጣ፤ የመጨረሻዋ ዳገት ላይ ግን አቅም አጥቶ ቆመ።

“ምን ታፈጣላችሁ? ትከሻ የላችሁም?” አለ ሽማግሌው አለቃቸው ጆብ ዊኮፍ።

በሽተኛው ያለበትን ፉርጎ ፈትተው በእጃቸው ገፉት። ሩሎፍ ከኋላ ነበር።

“ቀስ! እንቁላል እንደጫናችሁ አድርጋችሁ ግፉ!” ይላል ጆብ በሹክሹክታ።

ከፉርጎው መስኮት መጋረጃ በስተጀርባ ኮሽ የሚል ነገር አልነበረም። ሩሎፍ እየገፋ በልቡ አንድ ነገር ቋጠረ፤ ይኸ ሰው ከዳነ ኬዛያም ትድናለች።

እቤቱ እንደገባ አልጋዋን ከነእሷ ጎትቶ ወደ ባሕሩ የሚያየው በረንዳ ላይ አወጣው።

“ምን ልታደርገኝ ነው?”

“የፕሬዚዳንቱም አልጋ እኮ መስኮት ስር ነው።”

“እሱ መንግሥት አለው። እኔ ያለኝ አንድ ብርድ ልብስ ነው፣ አንተ ሰው!”

ግን አስገባኝ አላለችም። ሩሎፍ በየማታው ከሥራ ሲወጣ የፕሬዚዳንቱን ወሬ ይለቅምና እየሮጠ ይመጣል። “ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባሕሩን አየ!” ያለ ዕለት፣ ኬዛያም ትራስ ተደግፋ ቀና አለች፤ ሾርባዋንም ጨረሰች። ሩሎፍ ደስታው ጣራ ነካ።

አንድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቀስ እያለ ይደወል ጀመር። ሩሎፍ ከመንገድ ተመልሶ የአጥሩ በር ላይ ተገተረ። መግባት አቃተው።

“ሞተ አይደል?” አለች ከበረንዳው።

“የሌላ ሰው ደወል ነው።”

“ሩሎፍ፣ አንተ እንኳን ለእኔ ለበቅሎም መዋሸት አትችልም።”

አልጋውን ወደ ውስጥ ሊያስገባ ጎንበስ አለ። እጁን ያዘችው።

“ተወው። እኔ ነፋሱን መች አመንኩት? አንተ እየሮጥህ ስትመጣ ከሩቅ ማየቱ ነው ደስ ያለኝ።”

በረዶ ሳይጥል ኬዛያ ሞተች። ሐዲዱንም ነቀሉት።

ሩሎፍ ብዙ ዓመት ብቻውን ኖረ። ጆብ አንድ ቀን “ያ የገፋነው ሰውዬ ሞቶም ሠራ፤ የመንግሥት ሥራ በአማላጅ መሆኑ ቀርቶ በፈተና ይሁን የሚል ሕግ ወጣ” ቢለው፣ “እሰየው” ብቻ አለው። በየበጋው ግን የሚያስሉ እንግዶች ከባቡር እየወረዱ “ይኸ አየር እውነት ያድናል?” ይሉታል። ሌላው ሰው ሁሉ አዎ ይላቸዋል። ሩሎፍ ሻንጣቸውን ከእጃቸው ይቀበልና፣

“ከማን ጋር መጣችሁ?” ብሎ ይጠይቃል።