ምክንያት የሚለው ሳጥን

መጽሐፉ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮልኝ ባሌ ሮቤ መናኸሪያ ስቀበለው ሽፋኑ ላይ የዘይት ጠብታ ነበረበት። ቤቴ ገብቼ ሳነበው ሽታው ከገጾቹ መሀል ብቅ ይላል፤ ባሸተትኩት ቁጥር አንድ ሰማያዊ ሹራብ ትዝ ይለኛል።

በመጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ልንገርህ። ደራሲው ቀድሞ ያወጣው መጽሐፍ ሰው በቀን የሚናገረው ቃል ተለክቶ ስለሚሰጥበት ከተማ ነው፤ ቃሉን የሚለካውን ሽማግሌ ገዢ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ጠልቼዋለሁ። ይኸኛው በኋላ ቢጻፍም ታሪኩ ይቀድማል፤ የዚያን ሽማግሌ ልጅነት ነው የሚተርከው። አስተማሪ ነኝና እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ልጁ ክፉ የሆነበትን ቦታ አገኝና አሠምርበታለሁ፣ "ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ ነው" ብዬ ለተማሪዎቼ አስረዳለሁ ብዬ ነበር። መቶ ገጽ አለፈ፣ ሁለት መቶ አለፈ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጽሕፈቱ ያምራል፣ ታናናሾቹን ያስጠናል። ቦታውን አጣሁት።

ሰማያዊው ሹራብ የጓደኛዬ ነበር። አሥረኛ ክፍል ነበርን። እሱ የጎሮ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሮቤ ቤት ተከራይቶ ይማር ስለነበር ሰኞ ሰኞ ማለዳ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። ክፍል ሲገባ ናፍጣና የገብስ ገለባ ይሸታል።

"የኮምባይነር ልጅ መጣ!" እንለዋለን።

"የምትበሉትን ዳቦ ማን ያጨደው መሰላችሁ?" ይላል እየሳቀ።

በዚያን ጊዜ አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ነበር። ላስረዳህ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይመራል፣ አብረው ያጠናሉ፣ ዓርብ ዓርብ መሪው ቅጽ ሞልቶ ለክፍል ኃላፊው መምህር ይሰጣል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ምክንያት፣ የታየ ችግር። የኛ ቡድን መሪ እኔ ነበርኩ፤ ደስም ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ማስመሪያ አያያዝ ከሱ ተምሬአለሁ። የኔ ቅጽ ስርዝ ድልዝ የለበትም። መምህራችን ከፍ አድርጎ ለሌሎቹ መሪዎች ያሳየው ነበር።

ጓደኛዬ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መቅረት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ባሕር ዛፎች ጀርባ ወስጄ ጠየቅሁት። ከሳነቴ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ እጆቹን እጅጌው ውስጥ አስደብቆታል።

"አባቴን አስረዋቸዋል" አለኝ። "ስብሰባ ላይ በተናገሩት ነገር። እዚሁ ሮቤ ነው ያሉት። በሌላው ቀን ስንቅ የምታደርሰው አክስቴ ናት፤ ሐሙስ የኔ ተራ ነው።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"አትጻፈው። ማሎ፣ ወንድሜ፣ ባዶ ተወው።"

ማሎ የሚለውን የኦሮምኛ ልመና እርስ በርሳችን ለቀልድ ነበር የምንለው። ያን ቀን ግን ከልቡ ለመነኝ።

ዓርብ ቅጹን ስሞላ "ምክንያት" የሚለው ሳጥን ጋ ስደርስ ቆምኩ። አሞት ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ ባዶ ብተወው ወረቀቱ ጎደሎ ይሆናል። መምህሩ ቢያውቅ ያዝንለታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። "አባቱ ታስረዋል፤ ስንቅ ያደርሳል" ብዬ ጻፍኩና ዙሪያውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩት። ዛሬም ደብተር ሳርም ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ የምቆምበት ጊዜ አለ።

ሰኞ ጓደኛዬ ቢሮ ተጠራ። አባትህ ስብሰባው ላይ ምን ነበር ያሉት፣ ቤታችሁ ማን ማን ይመጣል፣ አንተስ ምን ትላለህ እያሉ ጠየቁት። ሲመለስ አልተቀመጠም፤ ቆሞ ደብተሮቹን ሰበሰበ። በአጠገቤ ሲያልፍ ሹራቡ ሸተተኝ።

"ጽሕፈትህ ያምራል" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጠረጴዛው ላይ አየሁት።"

ለብሔራዊ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ወደ ጎሮ ሄደ፤ ወደ ትምህርት አልተመለሰም።

መጽሐፉን ስጨርስ ያን ያጣሁትን ቦታ ፍለጋ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ገጽ ሃያ ላይ ልጁ የክፍል ጓደኛው ስንት ቃል እንደተናገረ ይጽፍና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለክፍል አለቃው ይሰጣል። ኅዳጉ ላይ የኔ እርሳስ ነበር። በመጀመሪያው ንባብ ራይት አድርጌበት፣ ከጎኑ "ጎበዝ" ብዬ ጽፌ አልፌአለሁ።

በማግሥቱ የጎሮ ገበያ ነበር፤ ሄድኩ። ስንዴ የሚጭን አይሱዙ ሥር አገኘሁት። ትከሻው ሰፍቷል፣ ጢም አውጥቷል። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼው ነበር።

"ቲቸር ሆንክ አሉ" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ድሮም አንተ።"

"አባትህስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ቤት አሉ።" ጆንያውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። "ታናሽ እህቴ ለከርሞ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አንተ ጋ ነው የምትገባው። እናታችንን ያማቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ትቀር ይሆናል። ከቀረች እንግዲህ..."

ጆንያውን ጭኖ ወደ ጋቢናው ወጣ።

"ባዶ እተወዋለሁ!" አልኩት።

ሞተሩ ተነስቶ ነበር፤ የሰማኝ አልመሰለኝም።