ማሽን አባት አለው ወይ?

ጎረቤቴ የድሮ ኮምፒዩተር ስክሪን፣ ያንን ጀርባው የጎበጠውን፣ ሆዱን አስወጥታ ዶሮ አስታቅፋበታለች። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳዋ ላይ ተጠግቼ ሳለ ዶሮዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ። የእርጥብ ላባና የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሌላው ሰው ይስቅበታል። እኔን ግን ንዴት ያዘኝ። አሁንም ቁጭ ብዬ የማወራህ እስኪበርድልኝ ነው፣ ልጄ።

እኔ ልጅነት የሚሉትን በጊዜው አላገኘሁትም። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ፣ ቀጥሎ ሾፌር። ሚዛን፣ ቴፒ፣ ጌጫ፣ ማሻ እያልኩ ስመላለስ ፀጉሬ ሸበተ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ መሪ ስለቅ ከሃምሳ አልፌ ነበር። ልጅነቴ የመጣችልኝ ያኔ ነው።

ሚዛን ያለችውን የመንገድ ዳር ክፍሌን የተከራየኝ አንድ ወጣት ነበር። ጽሑፍ ይተይባል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ቁመቱ በሩን ስለሚሞላው ሰፈሩ ሁሉ «ረጅሙ» ይለው ነበር። ታዲያ ከየመሥሪያ ቤቱ አርጅተዋል ተብለው የተጣሉ ኮምፒዩተሮችን እየለመነ ይሰበስብና ሊኑክስ የሚባለውን ማሽን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ይጭንባቸዋል። ይኸኛው እንደ ሌላው በሥዕልና በቀለም የሚያብለጨልጭ አልነበረም። ጥቁር ነው፣ ነጭ ፊደል ብቻ ነው ያለው። የምትፈልገውን ትጽፍለታለህ፣ እሱም ይሠራል፣ አለቀ። የሞተ የተባለ ማሽን ነፍስ ሲዘራ የሚያጉረመርመው ነገር፣ አቧራው ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ፣ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የሚያስገመግመው ዝናብ። እኔ ጥግ ላይ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሳይ እውላለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዎች ይመጡ ነበር። አንዷ እዚሁ ኮሌጅ የምትማር የማሻ ልጅ ናት። ሌላው የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ይህን ሰው ልብ በልልኝ፤ የምናደደው በሱ ነው።

ክርክራቸውን ብትሰማው! የማሻዋ ልጅ አንድ ፕሮግራም አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ፣ እሱንም አሳምሮ ይሥራ ባይ ናት። የማያስፈልገውን ሁሉ ከማሽኑ ትነቅላለች። ረጅሙ ደግሞ ትንሽ ለዓይን የሚሆን ነገር ይቅርልኝ ብሎ ይለማመጣታል።

«አንቺ ብትለቀቂ እኮ መብራቱንም ትነቅይዋለሽ!»

«እሱንማ ያለኔም ይነቅሉታል፤ አንተ ብቻ ሻማህን አዘጋጅ።»

ባለሙያው እግሩን አነባብሮ፣ «እናንተ ድህነታችሁን ነው ያቆነጃችሁት» ይላቸዋል። ይላል እንጂ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነበር። ጽሑፍ ለመጻፍ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል በሚለው ነገር ከረጅሙ ጋር እስከ መኮራረፍ ደርሷል። ይኸው ነው ቁም ነገራቸው። ሌላው ወጣት ኳስ ያያል፣ እነሱ በዚህ ይጣሉ ነበር።

እኔንም አስተማሩኝ። ልጅቷ ጣቴን ይዛ፣ «ይጻፉት ጋሼ፣ አይፍሩት፣ አይናከስም» ትለኛለች። አንድ ቀን የነገረችኝን ጻፍኩና ተጫንኩት። ማሽኑ ምንም አልመለሰም።

«አበላሸሁት?»

«ኧረ ሠርቷል ጋሼ! ዝም ካለ ሠርቷል ማለት ነው። የሚናገረው ሲሳሳቱ ብቻ ነው።»

ወደድኩት። ብዙ የሚያወራ ሞተር ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ጌጫ ጭቃ ውስጥ ያደርኩ ሰው ነኛ።

እንግሊዝኛ ስለማላውቅ ለኔ ሲሉ ሁሉን ነገር ወደ አማርኛ መለሱት። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ አንዱ ሥራ፣ እነሱ ፕሮሰስ የሚሉት፣ ሌላውን ሥራ ያስነሳል። ያስነሳው «አባት» ነው፣ የተነሳው «ልጅ»። አንዱ አልቆምም ብሎ ከተገተረ የሚያስቆሙበት ትእዛዝ አለ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ፍቺው መግደል ነው። መጀመሪያ በቀስታ ይጠይቁታል። ካልሰማ ዘጠኝ ቁጥርን ይጨምሩበታል፣ ያኔ ምሕረት የለም። ስለዚህ እኛ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ሲሆን «አባቱን ግደለው»፣ «ልጁ ገና አልሞተም»፣ «በዘጠኝ በለው» ሲባል ይዋላል። በእንግሊዝኛ ቢያወሩት ማንም ጆሮውን አይጥልባቸውም ነበር። ለአንድ ሽማግሌ ሲሉ ነው በአማርኛ ያወሩት። ይህችን ነገር ሳስብ ውስጤ ይቃጠላል።

ቆይ፣ ዝናቡ በረታ። ወደዚህ ጠጋ በል።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ልጅቷ የጻፈችው ፕሮግራም አልቆም ብሎ ሲያስቸግራቸው ነበር። ማሽኑ ቢጠፋም ክርክሩ አልጠፋም፤ ተያይዘን ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ገባን። እኔ፣ ረጅሙ፣ የማሻዋ ልጅ፣ ባለሙያው። አራታችንም አንድ ጠረጴዛ።

«አባቱን ግደለው አልኩህ እኮ! ምነው ሰው አትሰማም?» አለች ልጅቷ ጠረጴዛውን እየመታች።

«ብገድለው ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ» አለ ረጅሙ።

«አይቀሩም፣ የሚያሳድጋቸው አለ። መጀመሪያ በቀስታ ጠይቀው።»

«ጠየቅሁት። እምቢ አለ።»

«እምቢ ካለማ በዘጠኝ ጨርሰው!»

ባለሙያው ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «እግዜር ይሁንህ አባትየው፣ ከዚች እጅ ወድቀሃል» አለ። እንዲህ ሲል በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።

ጊዜው ደህና አልነበረም። ሰው ሰውን በጎን የሚያይበት፣ እንግዳ ፊት ሲታይ ወሬ የሚቋረጥበት ጊዜ ነበር። አጠገባችን የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ተቀምጦ ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ማንም ልብ አላለውም።

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ወደ ጸሎት ሲተም፣ ፖሊሶች መጥተው ረጅሙንና ልጅቷን ወሰዱ። ኮምፒዩተሩንም በጨርቅ ጠቅልለው ጫኑት። የቤቱ ባለቤት ነኝ ብዬ እያነከስኩ ተከተልኩ።

«አባትየው ማነው?» አለ አዛዡ።

«ሰው አይደለም፣ ፕሮሰስ ነው» አለ ረጅሙ።

«ፕሮሰስ የማን ልጅ ነው?»

ረጅሙን ሳቅ አመለጠው። ባላመለጠው!

«ያስቃል? ዘጠኝስ? ዘጠኝ ናችሁ ማለት ነው? የቀሩት የት አሉ?»

ልጅቷ እንደኔ ላለ ሰው እንደምታስረዳው ቀስ ብላ አስረዳችው። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሐቁን ልናገር። አገጩን አሸት አሸት አደረገና፣ «እኔ ይህን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው መጥቶ እውነት ነው ካለኝ አሁኑኑ ትወጣላችሁ» አለ። ልጅቷ ፊቷ በራ። የሚያውቅ ሰው ነበራና!

ሰኞ ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ወደኛ ዞሮ አላየም።

«ማሽን ላይ መግደል፣ አባት፣ ልጅ የሚባል ነገር አለ?» አለው አዛዡ።

«እኔ የምሠራው በመሥሪያ ቤቱ ማሽን ነው። ይህን ጥቁሩን ሰርጎ ገቦች ይጠቀሙበታል ሲሉ ሰምቻለሁ። አላውቀውም።»

«ቅዳሜ እኮ አብረኸን…» አለች ልጅቷ።

«አላውቅም አልኩ!»

«አንተ!» ብዬ ተነሳሁ። «ቅዳሜ ሻዩ ትን ያለው ማንን ነው?»

«አባት፣ ይቀመጡ» አሉኝ።

ፈርቶ ነው ይሉኛል። ይፍራ! መፍራት የሰው ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን የተፈለገው አንድ ቃል ነበር፤ «አዎ» ብሎ ወደ ሻዩ መመለስ። ያቺን አንዲት ቃል ነፈጋቸው።

ልጆቹ እዚያው ታስረው ሰነበቱ። በኋላ የሚከሳቸውም፣ የሚገደለው አባትም ሲታጣ፣ «ሂዱ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማ» ተብለው ተለቀቁ። ማሽኑ ግን አንጀቱ ወጥቶ ነው የተመለሰው። ረጅሙ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ጅማ ሄደ፤ ቅዳሜም በዚያው ቀረች።

ይህ ሁሉ ይሁን። ወሬው ግን ከልጅቷ ቀድሞ ማሻ ገብቶ ነበር። ሚዛን ላይ «አባቱን ግደለው» የነበረው ማሻ ሲደርስ «አባቴን ግደሉልኝ» ሆኗል። በዚያው ሰሞን አባቷ ትምህርቱ ይቅርሽ፣ ነይና እናትሽን አስታሚ ብለዋት፣ ልጨርስ ብትል እሳቸው እምቢ ብለው፣ እሷም እምቢ ብላ ተኳርፈው ነበር። ወሬው ልክክ አለ።

ልጅቷ አገሯ ገባች። አባቷ አልተቆጧትም፣ አላባረሯትም። ብቻ ዝም አሉ።

ሄጄ ላስረዳ ብዬ ተነሳሁ። ማሻ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነበር፣ ቀርከሃው ይንጠባጠባል። አባቷ በክብር ተቀበሉኝ። ምግብ ሲቀርብ ልጅቷ ውኃ ይዛ መጣች። እኔን አስታጠበችኝ። ወደ አባቷ ስትዞር እሳቸው ብድግ ብለው ወጡና ደጅ ለብቻቸው ታጥበው ተመለሱ። ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቀረች። እንዴት እንደቆመች አትጠይቀኝ።

ከምግቡ በኋላ እንደማውቀው አድርጌ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«ማሽን አባት አለው ወይ?» አሉኝ።

«አለው ይላሉ።»

«ይገድሉታል?»

«እምቢ ሲል ነው፣ አባቴ። እምቢ ሲል ብቻ።»

«እኔም እምቢ ብያት ነበር» አሉ።

አፌን ምነው በቆረጠው አልኩ። ሲሸኙኝ ግን ክንዴን ይዘው፣ «እርስዎ እንደኔ ያልተማሩ ነዎት፣ አይከፉብኝ። የተማረ ሰው፣ ሥራው የሆነ ሰው መጥቶ ቢነግረኝ አምናለሁ። ማመን እፈልጋለሁ» አሉኝ። ማመን እፈልጋለሁ ነው ያሉት።

ሚዛን እንደገባሁ ቀጥታ ባለሙያው ዘንድ ሄድኩ። እግሩ ላይ አልወደቅሁም እንጂ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። «አንድ ቀን አብረን እንሂድ፣ ሁለት ቃል ተናግረህ ትመለሳለህ» አልኩት። «እሺ ጋሼ፣ ዝናቡ ይለፍ።» ዝናቡ አለፈ። «እሺ ጋሼ፣ መንገዱ ይስተካከል።» መንገዱ ተስተካከለ። «ስብሰባ አለብኝ ጋሼ፣ ደግሞ ያ ነገር ተረስቷል እኮ፣ ለምን ይቀሰቀሳል?» ማን ዘንድ ነው የተረሳው? እሱ ዘንድ! ከዚያ አደገ፣ ተዛወረ፣ ስልኬንም ማንሳት ተወ። እኔ በየዓመቱ ማሻ ስወጣ አባቷ ከኋላዬ ሌላ ሰው ወርዶ እንደሆነ ወደ መኪናው ያዩ ነበር።

አምና አረፉ። ከልጃቸው እጅ ሳይታጠቡ አረፉ።

ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ባለሙያው ተቀምጧል፤ ቦርጭ አውጥቶ፣ ጥሩ ኮት ለብሶ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር። በሌላ ጉዳይ ማሻ መጥቶ፣ ሌሎቹ ለቅሶ ሲደርሱ አብሮ የመጣ ነው። ሁለተኛው ቀን ስለሆነ ለቅሶው ቀዝቅዟል፤ ወጣቶቹ ዙሪያውን ከበውት እሱ ያጫውታቸዋል።

«…ሻይ ቤት ቁጭ ብለው እኮ ነው፤ አባቱን ግደለው! በዘጠኝ ጨርሰው! አጠገባቸው ደግሞ አንዱ ጆሮውን ቀስሯል!»

ሳቁ። አንዱ ወጣት፣ «ቆይ፣ አባቱ ማለት ምንድነው?» አለው። እሱም አስረዳ። አባቱ ምን እንደሆነ፣ ልጁ ምን እንደሆነ፣ ለምን መግደል እንደተባለ፣ ዘጠኝ ከየት እንደመጣ። አንዲት አልሳተም። ቀስ ብሎ፣ በእጁ እያሳየ፣ እንጀራ አባትና እንጀራ ልጅ እያለ በምሳሌ፣ ገበሬ እንዲገባው አድርጎ። ሰማኸኝ ልጄ? ገበሬ እንዲገባው አድርጎ! ያ ሁሉ ዓመት የለመንኩት ይኼንን ነበር። እሳቸው የሞቱበት ግቢ ውስጥ፣ ለሳቅ፣ ከሳቸው በቀር ለሁሉም ሰጠው።

ተነሳሁ። ምን ልለው እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ ምናልባት በብትሬ ልለው ነበር። ከኋላዬ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ልጅቷ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ለለቀስተኛ የምታዞረውን ንፍሮ በሳህን ይዛ፣ ቆማ ስትሰማ ነበር። አይኗ ደርቋል።

«ጥሩ አድርጎ አስረዳው አይደል፣ ጋሼ?» አለችኝ። «አባዬ ይገባው ነበር።»

ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ እኔ አዞርኩላት።