ያልተሳሳተው ደወል

ታላቅ ወንድሜን በመሥሪያ ቤቱ «ፈታሹ» ይሉታል። በር ላይ ቆሞ ቦርሳ የሚበረብር እንዳይመስላችሁ፤ ፕሮግራመር ነው፤ የሚፈትሸው መልእክት ነው። ስሙን ያወጣለትን ሰው አፉን ይባርከው፤ እንዲህ ልክክ የሚል ቅጽል ስም አላየሁም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሕሙማን ማገገሚያ ነው። በሽተኛው አልጋው አጠገብ ያለውን ደወል ሲጫን፣ ፕሮግራሙ የክፍሉን ቁጥር የያዘ ምልክት ወደ ነርሶች ጠረጴዛ ይልካል። የድሮው ፕሮግራም ግን ምን እንደያዘ ሳያይ ያገኘውን ያቀብል ነበርና፣ አንድ ቀን በክፍል ቁጥር ፋንታ የአንድ ሽማግሌ የልደት ዓመት ላከ። ሠላሳ ክፍል ባለው ሕንፃ ውስጥ ነርሷ ክፍል ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንትን ፍለጋ ላይ ታች ስትል ሽማግሌው ተሽሏቸው ቤታቸው ገቡ። ይህን የሚያወራው ወንድሜ ስለሆነ ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት።

እሱ ግን እንደ ግል ስድብ ቆጠረው። ስድስት ወር ሙሉ ተቀምጦ፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች በየሥራቸው የሚገጥሙት፣ «ላይብረሪ» የሚሉትን ዝግጁ የፕሮግራም ቁራጭ ጻፈ። ሕጉ አጭር ነው። እያንዳንዱ ምልክት ምን ዓይነት ነገር እንደሚይዝ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ቁጥር ካለ ቁጥር፣ ስም ካለ ስም ብቻ። ሌላ ነገር ሊያሾልክ የሞከረ፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ እዚያው በሩ ላይ ይያዛል። ላኪው ግን ማን እንደሚሰማው አይጠየቅም። መስማት የፈለገ ራሱ መጥቶ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ሰሚ ከሌለ ደግሞ ምልክቱ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። «ሰሚ በሌለበት መጮህ ጨዋነት አይደለም» ይል ነበር፣ አፉን ሞልቶ።

እቤትም በዚሁ ወሬ እጅ እጅ አለን። እናታችን ስልክ ስትደውልለት፣ ከሰላምታ በፊት «ጥያቄ ነው ወይስ ማስታወቂያ?» ይላታል።

«እናትህ ነኝ።»

«እሱማ ላኪው ነው፤ ዓይነቱን ነው የጠየቅኩሽ።»

እኔ ብሆን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። እሷ ግን ስልኩን አስቀምጣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ እኮ የማይሳሳት ነገር ሠራ» ትላለች።

ባለፈው ዓመት እማዬ ከደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የገባችው እዚያው ማገገሚያ፣ አዲስ የተከፈተው ክንፍ ውስጥ ነው፤ ክፍል ሠላሳ አራት። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን፦ «ስድስት ሳምንት ብቻቸውን ከአልጋ እንዳይወርዱ። ዳግመኛ ከወደቁ መራመድ የሚባል ነገር የለም።» ወንድሜ ግን ፈገግ አለ። «አታስቢ፤ እዚያ የተገጠመው የኔ ደወል ነው» አለኝ።

በየቀኑ እየሄድን እንጠይቃታለን፤ «ደህና ነኝ» ትለናለች። በአምስተኛው ቀን ግን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ አገኘናት። ዋናዋ ነርስ «እማማ ውሃ እምቢ አሉን» አለችን።

«ደወሉን አትጫኚም እንዴ?» አልኳት። እማዬ ወንድሜን አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሱ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የደወሉን መዝገብ ያነብ ነበር። «ተጭናለች! አርባ ሦስት ጊዜ! አርባ ሦስቱም በትክክለኛው ዓይነት፣ ክፍል ሠላሳ አራት ብለው ወጥተዋል። አንድም ስህተት የለም!» ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ በራ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ማን ሰማው?»

«ማለት?»

«አርባ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስንት ሰው መጣ?»

ነርሷ በመገረም አየችን። «ሌሎቹ ሲፈልጉን እየጮኹ ይጠሩናል፤ ከዚህ ክፍል ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራንም፣ አልተደወለልንም። እኛማ ሰው ማስቸገር የማይወዱ እናት ናቸው ብለን ስናደንቃቸው ነበር።»

ወንድሜ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ሲፈልግ፣ ሲፈልግ ቆየና ፊቱ አመድ መሰለ። የአዲሱን ክንፍ የነርሶች ጠረጴዛ ሰሚ አድርጎ የመዘገበው ሰው የለም። እሱ ደወሉን የገጠሙት ሰዎች ያደርጉታል ብሎ ነበር፤ እነሱ ደግሞ እሱ ያደርገዋል ብለዋል። የእማዬ ምልክት አርባ ሦስት ጊዜ ተፈትሾ፣ ተመርቆ፣ በጨዋነት የትም ቀርቷል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ነርሶቹን ሁሉ ‹ደወሉን የሠራው ልጄ ነው› ብያቸዋለሁ። አሁን አይሠራም ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? ውሃ ካልጠጣሁ ሽንት ቤት መሄድ አያምረኝም። ካልተነሳሁ ደግሞ አልወድቅም።»

አንጀቴን በላችው። ወንድሜን በጥፊ ላጮለው እጄን በልቶኝ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ያቀረረውን እንባ ሳይ ተውኩት።

የነርሶቹን ጠረጴዛ ከደወሉ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ እስኪዘረጋ ሁለት ቀን ይፈጃል ተባለ። ስለዚህ የራሱን ስልክ ሰሚ አድርጎ መዘገበ፤ ለእማዬ ብቻ ሳይሆን ለአዲሱ ክንፍ አሥሩም ክፍሎች። ኮሪደር ላይ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ፈታሹ ትራስ ሲያነሳ፣ መስኮት ሲዘጋ፣ ፖፖ ይዞ ሲሮጥ አየሁት። አንዱ በሽተኛ የእግሩን ጣት እንዲያክለት ሦስት ጊዜ ጠራው። በመሀል በመሀል ላይብረሪውን ያርማል፤ ከእንግዲህ ሰሚ የሌለው ምልክት ካለ ፕሮግራሙ አልነሳም ይላል።

በሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ሠላሳ አራት። የያዘውን ብርጭቆ ውሃ እያንጠባጠበ ሮጦ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ምን ልስጥሽ እማዬ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ተጫንሽ?»

እማዬ ውሃውን ተቀብላ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና ብርጭቆውን መለሰችለት።

«ትመጣ እንደሆነ ብዬ ነው።»